ሲቢአር 600 አርአር፦ በረዶው እስኪቀልጥ ጋራዥ ውስጥ ምን ልቀይርላት?

ባለ_600

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። ያለሁት ሚኒያፖሊስ ነው። የ2008 ሆንዳ ሲቢአር 600 አርአር ሞተር ሳይክል አለችኝ፤ 19,000 ማይል ሄዳለች፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን) የላትም። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ትቆማለች። ጋራዡ መብራት አለው፣ ማሞቂያ የለውም። የኋላ ማቆሚያ፣ ቶርክ ኪያቬና የተሟላ የመፍቻ ሳጥን አለኝ። ክብደቴ 82 ኪሎ ነው፤ ሄልሜትና ጃኬት ሲጨመር 92 ገደማ። ከተማ ውስጥና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እነዳለሁ፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ትራክ (የውድድር ሜዳ) እገባለሁ።

በ900 ዶላር ያሰብኩት ይሄ ነው፦ አዲስ ማርሚታ፣ ካቴናውን ወደ 520 ቀይሬ ጥርሱን ከፊት 15 ከኋላ 44 (15/44) ማድረግ፣ በሽቦ የተጠለፈ የፍሬን ቱቦ፣ ከተረፈ ደግሞ የፕላስቲክ ልብሷን ቀለም መቀባት። ችግሯ ፍሬን ስይዝ ፊቷ በጣም ይሰግዳል፤ ጎርባጣ አስፋልት ላይም ትመታለች። ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ። ቅዝቃዜው የሚያበላሸው ነገር ካለም ጠቁሙኝ።

---

ካቻቢቴ

ዝርዝርህ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ቅሬታህ ስለ ፊት ሾክ ነው፣ የምትገዛው ግን ማርሚታ ነው። ማርሚታውን ሰርዘው። በዚህ ሞዴል ማርሚታው ከመቀመጫው ስር ስለሆነ ቀለል ያለ ስታስገባ ከላይ ጥቂት ኪሎ ትቀንሳለህ፣ ድምፁም ያምራል፤ መንገድ ላይ የሚሰማህ የኃይል ለውጥ ግን የለም። ያንን ብር ለፎርክ (የፊት ሾኩ) ሞላና ዘይት አውለው።

ቀለሙንም እርሳው፣ ቢያንስ በዚያ ጋራዥ። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም፤ ላዩ የደረቀ ይመስልና ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት ለሳንባ ክፉ ነው፣ ተራ ማስክ አይመልሰውም። የፕሮፔን ማሞቂያ ለኩሼ አሞቀዋለሁ እንዳትል ደግሞ፦ የተዘጋ ጋራዥ፣ የቤንዚን ትነትና ክፍት እሳት አንድ ላይ አይሆኑም፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ጉዳይ ሌላ ነው። ማሞቅ ካለብህ እሳት የሌለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ እሱም ነዳጅ በማትነካበት ሰዓት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ሳይቀዘቅዝ፣ ምንም ቡሎን ሳትፈታ ለካ። የሰውነትህ ክብደት ሾኩን ምን ያህል እንደሚያወርደው ካሁኑ ካልያዝክ ማርች ላይ የቀየርከው ነገር መሻሻሉን በምንም አታውቅም። ከዜሮ በታች ደግሞ የፎርክ ዘይቱ ስለሚወፍርና ጎሚኒዎቹ ስለሚደርቁ የምታገኘው ቁጥር ውሸት ነው። የማስተካከያ ዊንቶቹን በሙሉ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ እያዞርክ ስንት ዙር እንደነበሩ ቁጠርና ጻፍ፣ ከዚያ ወደነበሩበት መልስ። የፎርኩ ቱቦ ከላይኛው መያዣ በላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወጣም በካሊፐር (መለኪያው) ለካ። አምስት ሚሊ ሜትር ቢለወጥ አዟዟሯ ይለወጣል።

ቀጥሎ የሞተር ዘይቱን አሁን ቀይር፣ ማርች ላይ አይደለም። ያገለገለ ዘይት ውስጥ ውሃና አሲድ አለ፤ አራት ወር ሙሉ ኩሽኔታ ላይ ተኝቶ እንዲከርም አትተወው። በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት የሚሉት ልማድም ይቅር፤ ሞተሩ ሳይግል ስለሚጠፋ ውስጡ እርጥበት ይጠራቀማል።

ባትሪውን ፈትተህ ቤት አስገባ። የሞላ ባትሪ ሲያርፍ 12.8 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከ12.4 ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። የሞላው ያንን ብርድ ይችለዋል፤ ያለቀው ግን ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ላይ በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል። ሊቲየም ከሆነ የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል።

---

ፒኞን_15

ስለ ካቴናው እኔ ልግባ።

520 እና የፋብሪካው 525 የአያያዣቸው ርዝመት እኩል ነው፣ 15.875 ሚሜ። የሚለያዩት በውስጥ ስፋት ነው፦ 6.35 እና 7.94 ሚሜ። ስለዚህ ሦስቱንም በአንድ ላይ ካልቀየርክ አይሆንም፤ ካቴናው፣ የፊቱ ትንሽ ጥርሳም ጎማ (ፒኞን) እና የኋላው ትልቁ፣ ኮሮና (በሽታውን አይደለም ያልኩት)። የምታተርፈው ክብደት ነው፣ የምትከፍለው ዕድሜ። በተለይ የአሉሚኒየም ኮሮና ከብረቱ ቶሎ ይበላል። ትራክ በዓመት ሁለት ሦስቴ ከሆነ ብረቱን ግዛ።

አሁን ስሌቱ። የፋብሪካው 16/42 ነው፣ ሲካፈል ሬሾው 2.625። አንተ ያሰብከው 15/44 ደግሞ 2.933፤ ወደ 12 በመቶ ነው የምታሳጥራት። ሀይዌይ ላይ በ6,000 ዙር ትሄድበት የነበረው ፍጥነት 6,700 ይጠይቅሃል። የፍጥነት መለኪያዋ ምልክቱን የሚወስደው ከካምቢዮው ስለሆነ 60 ስትሄድ 67 ይልሃል፣ የማይል ቆጣሪውም በዚያው ልክ ያጋንናል። ይህን የሚያስተካክል በሽቦው መሃል የሚሰካ ትንሽ ሳጥን አለ፣ ግን ሌላ ወጪ ነው።

የኔ ምክር 15/43 ነው። ሬሾው 2.867፣ ለውጡ 9 በመቶ ገደማ፤ ከኩርባ ስትወጣ በደንብ ይሰማሃል። ዋናው ነገር ግን ጥርሱ ሲደመር እንደ ፋብሪካው 58 መሆኑ ነው። ኋላ የጨመርከውን ከፊት ስለቀነስክ ቸርኬው ቦታው ላይ ይቀራል። በጠቅላላው አንድ ጥርስ በጨመርክ ቁጥር ቸርኬው ወደ 4 ሚሜ ወደፊት ይመጣል፤ 16/45 ብታደርግ 12 ሚሜ ነው፣ ማስተካከያው ላይበቃህ ይችላል። የአያያዡን ቁጥር ከኢንተርኔት አትውሰድ፣ ያለውን ቁጠር። ቀዳሚው ባለቤት ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

ሥራው ላይ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። አሮጌው ካቴና ሳይቆረጥ፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ አንድ ሰው የኋላ ፍሬን ረግጦልህ የፊቱን ፒኞን ቡሎን አላላ። የኋላውን አክስል ዳዶም እንዲሁ። ካቴናውን መጀመሪያ ከቆረጥክ ፒኞኑ ከአንተ ጋር አብሮ ይዞራል፣ ትርፉ ላብ ነው። ሲቆረጥ የፒኑን ራስ በግራይንደር አስተካክለህ ግፋው፤ ራሱ ሳይፋቅ በመሣሪያው ለመግፋት ከታገልክ የመሣሪያው መርፌ ይሰበራል። ሲፋቅ ጎማውንና ዲስኩን ሸፍን።

አዲሱን ስትገጥም መገጣጠሚያው የሚጨፈለቅ ይሁን፣ ባለ ክሊፕ አይደለም። ጎሚኒዎቹን አራቱንም በቅባቱ አስገባ፣ የጎን ሳህኑን በመሣሪያው ጫነውና ስፋቱን ከጎረቤቱ አያያዥ ጋር በካሊፐር አነጻጽር። እኩል ሲሆን አቁም፤ አልፈህ ከጫንክ ጎሚኒው ይጨፈለቅና ያ አያያዥ ደርቆ ይቀራል። ከዚያ የፒኑን ራስ አስፋ። ካቴናው ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ዲያሜትሩ ተጽፏል፤ በዚህ መጠን ካቴና የተለመደው ከ5.5 እስከ 5.8 ሚሜ ነው። ዙሪያውን በባትሪ መብራት እይ፤ ስንጥቅ ካለ መገጣጠሚያው ይጣላል።

ቸርኬው ወጥቶ እያለ ኩሽኔታዎቹን በጣትህ አዙራቸው፣ ኮሮናው የሚቀመጥበትን ላስቲክም እይ። የካቴናው ላላነት ስዊንግ አርሙ (የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ላይ ተለጥፏል። ቀጥታ መሆኑን ግን በማስተካከያው መስመሮች አትመን፤ ከስዊንግ አርሙ ማጠፊያ እስከ አክስሉ መሃል በሁለቱም ጎን ለካ።

---

እታለም_ጋራዥ

ስለ ፍሬን። የአንተ 2008 ስለሆነች ሥራው ቀላል ነው። ሆንዳ በ2009 ሲቢአር 600 አርአር ላይ ሲ-ኤቢኤስ (የፊትና የኋላ ፍሬኑን የሚያቀናጅ ኤቢኤስ) እንደ አማራጭ አምጥቷል፤ ያ ያለበት ሰው ከዚህ በታች የምጽፈውን ለራሱ አይውሰድ፣ ቱቦውም አየር አወጣጡም ሌላ ነው።

ከማስተር ሲሊንደሩ (ማንሻው ጋ ያለው የፍሬን ፓምፕ) ሁለት ቱቦ ወጥቶ እያንዳንዱ ወደየፍሬን ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚቆነጥጠው) የሚወርድበትን ዓይነት ግዛ። ላይኛው ቡሎን ሁለቱን ቱቦ ስለሚይዝ ረጅሙ ነው፣ ሦስት ሮንዴላ ይፈልጋል፤ ካሊፐሮቹ ሁለት ሁለት። ድምሩ ሰባት። አሮጌ ሮንዴላ መልሰህ አትጠቀም፣ አንዴ የተጨፈለቀ ነው። ቡሎኑ 10 ሚሜ በ1.25 ፒች ነው። 10 በ1.0 የሚባለው የብሬምቦ (የሌላ ፍሬን ሠሪ) ነው፤ በእጅ ሁለት ዙር ይገባና ይይዛል፣ በኪያቬ ካስገደድከው የማስተሩን ጥርስ ይዞት ይወጣል። ማጥበቂያው 34 ኒውተን ሜትር። ስታጠብቅ የቱቦውን አንገት በሌላ እጅህ ያዝ፣ አለበለዚያ ቱቦው ተጠምዝዞ ይቀራል።

ቱቦውን ከማጥበቅህ በፊት ፊቷ ተነስቶ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ እያለ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙር። የትም ቦታ መወጠር የለበትም። የሽቦው ጥልፍ ሌጣ ከሆነ ፕላስቲክና ቀለም እንደ መጋዝ ይበላል፤ ሽፋን ያለውን እዘዝ።

የፍሬን ዘይቱ ዶት 4፣ አዲስ የተከፈተ። ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ባለፈው ዓመት የተከፈተ ጠርሙስ ይደፋ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከዚህ ሥርዓት ጋር አይሄድም፤ ዶት 5.1 ግን ይሄዳል። በስም መመሳሰሉ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠበው። በጨርቅ መጥረግ አይበቃም።

አየር ስታወጣ ሁሉም ሰው ካሊፐሩ ጋ ይጀምርና ማንሻው እንደ ስፖንጅ ሲሆንበት ቱቦውን ይረግማል። አየሩ ያለው ላይ ነው፣ ማስተሩ ቡሎን ጋ። መሪውን አዙረህ ማስተሩን ከሁሉም ከፍ አድርገው፣ ቡሎኑን በጨርቅ ጠቅልል፣ ማንሻውን ቀስ ብለህ ጫንና ቡሎኑን ሩብ ዙር ከፍተህ ዝጋ፤ ማንሻውን የምትለቀው ከዘጋህ በኋላ ነው። ሦስት አራት ጊዜ። ከዚያ ወደ ካሊፐሮቹ ውረድ። የዘይት ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅብህ፤ ከደረቀ ከሀ ትጀምራለህ። ማታ ማንሻውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከመሪው ጋር አስረህ እደር፤ የቀሩት ጥቃቅን አረፋዎች ወደ ላይ ይወጣሉ።

ፓዱን ስትቀይር ፒስተኖቹን ወደ ኋላ ከመግፋትህ በፊት በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ እጠባቸው። አሥራ ዘጠኝ ሺህ ማይል የተጋገረ አቧራ ወደ ጎሚኒው ከገፋህ ፓዱ ከዲስኩ አይለቅም፣ ካሊፐሩም ይግላል።

---

ባለ_600

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማርሚታው ተሰርዟል፣ 15/43 ይሁን። የነዳጅ ታንኩን ግን ልሙላው ወይስ ላድርቀው? ሁለቱንም የሚሉ አሉ።

---

ካቻቢቴ

ሙላው፣ ማረጋጊያ ጨምርበት፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ንዳት፤ ማረጋጊያው እስከ ኢንጀክተሮቹ እንዲደርስ ነው። ባዶ የብረት ታንክ ውስጥ አየሩ ላብ ሆኖ ግድግዳው ይዝጋል። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ደግሞ ያንን ውሃ ይስባል።

---

የዴንቨሩ

በዚህ አልስማማም፣ ቢያንስ ለዚች ሳይክል። 19,000 ማይል ላይ ናት። ሆንዳ የቫልቭ ክፍተት ይታይ የሚለው በ16,000 ነው። ካልታየ አሁን ነው ጊዜው፣ ለዚያ ደግሞ ታንኩ መውጣቱ አይቀርም። ሙሉ ታንክ መሸከም ለወገብም ለጋራዡም አደጋ ነው፤ የነዳጅ ፓምፑ ከታንኩ ስር ስለሆነ በጎኑ አስተኝተህ መተውም አይመከርም። ቫልቭ ካሰብክ ነዳጁን በተፈቀደ ዕቃ ገልብጠህ ከቤት ማሞቂያና ከውሃ ማሞቂያ እሳት አርቀህ አስቀምጥ። ሥራው አልቆ ታንኩ ሲመለስ ሙላው። ክፍተቱ ሲለካ ሞተሩ ከ35 ዲግሪ በታች መሆን አለበት ይላል መመሪያው፤ ሚኒያፖሊስ ላይ ይሄ አያሳስብህም።

---

ካቻቢቴ

ልክ ነህ፣ ቫልቩን ረስቼዋለሁ። የቫልቭ ሥራ ከሌለ አሁን ሙላው፣ ካለ ከሥራው በኋላ ሙላው።

---

ሞላ_ዘይት

ወደ ፎርኩ እንምጣ፤ ቅሬታህ ያለው እዚያ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ ፎርኩ ሲዘረጋ የሚታየውን የሚያንሸራትት ብረት ርዝመት ያዝ። ከዚያ ሙሉ ልብስህን ለብሰህ ተቀመጥ፣ አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዝልህ። ሌላው ፊቷን ወደ ታች ጫን አድርጎ ቀስ ብሎ ይልቀቅና ይለካ፤ ቀጥሎ ወደ ላይ አንስቶ ቀስ ብሎ ይልቀቅና ይለካ። የሁለቱን አማካይ ከመጀመሪያው ትቀንሳለህ። ለምሳሌ ተዘርግቶ 112፣ ከታች ሲመጣ 68፣ ከላይ ሲመጣ 84 ቢሆን አማካዩ 76 ነው፤ መውረዱ 36 ሚሜ። ለመንገድ ከ35 እስከ 40፣ ለትራክ ከ30 እስከ 35 ጥሩ ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ከ25 ካለፈ ችግሩ ሞላ አይደለም፣ መፋተግ ነው፤ የደረቀ ጎሚኒ፣ የተጣመመ ቱቦ ወይም አክስሉ ሲጠብቅ እግሮቹ ትይዩ አለመሆናቸው።

ፎርኩ ሲወጣ የፊት ማቆሚያው በመሪ አንገቱ ቀዳዳ የሚገባው ዓይነት መሆን አለበት። ከፎርኩ ስር የሚይዘው ዓይነት እዚህ ዋጋ የለውም፣ የሚይዘው ነገር ራሱ ሊወጣ ነው። የአንገቱ ፒን መጠን በየሞዴሉ ስለሚለያይ ስትገዛ ሞዴሉን ንገራቸው። የላይኛውን መያዣ ቡሎን አላላ፣ የታችኛው ይዞ እያለ የፎርኩን ክዳን ሩብ ዙር ብቻ አስነሳ። ይሄን ረስተህ ፎርኩን ካወጣህ በኋላ ክዳኑን በመንጋጋ ለመፍታት ከታገልክ አሉሚኒየሙን ትጨፈልቀዋለህ።

ክዳኑን ከዘንጉ ለመለየት ሞላውን ወደ ታች የሚጫን መያዣና ዘንጉ ስር የሚሰካ ባለስንጥቅ ሳህን ያስፈልጋል፣ ሁለት ሰውም። አሮጌውን ዘይት ገልብጠህ ዘንጉን እያንቀሳቀስክ አፍስስ። ግራጫ ሆኖ ከወጣና ከሸተተ የመምታቷ ግማሽ ምክንያት ያ ነው።

ዘይት ስትገዛ ጠርሙሱ ላይ ባለው 5 ወይም 10 ቁጥር አትመን። የአንዱ ፋብሪካ 5 የሌላው 10 ነው። በ40 ዲግሪ ያለውን ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) እያየህ ከመመሪያው ዘይት ጋር አመሳስል።

አዲሱን ከሞላህ በኋላ ዘንጉን ቀስ ብለህ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ አንቀሳቅስ። መጀመሪያ ባዶ ባዶ ይላል፤ በጉዞው ሁሉ እኩል ሲከብድህ አየሩ ወጥቷል። ከዚያ ሞላው ወጥቶ፣ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተጨፍልቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ የዘይቱን ከፍታ ለካ። ከአፉ እስከ ዘይቱ ያለው ርቀት መመሪያው ላይ አለ። ሲሪንጅ ላይ ቀጭን ቱቦ አድርገህ በዚያ ርዝመት ምልክት አድርግና ትርፉን ምጠጥ፤ ሁለቱ እግሮች ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ አይለያዩ። በመጠን ብቻ የሚሞላ ሰው እዚህ ነው የሚሳሳተው፣ ውስጥ የቀረ አሮጌ ዘይት ስላለ። ፍሬን ላይ እስከ መጨረሻው ከወረደችብህ በኋላ ላይ 5 ሚሜ ዘይት ጨምር፤ ከላይ ያለው አየር ሲያንስ የጉዞው መጨረሻ ይጠነክራል፣ መጀመሪያው ግን ብዙ አይለወጥም።

ስትመልስ የታችኛውን መያዣ በመመሪያው ቶርክ ብቻ አጥብቅ። ከዚያ በላይ ከሆነ ቱቦውን ይጨምቀውና ውስጡ ያለው ቡሽ ይያዛል። አክስሉን ካጠበቅህ በኋላ የጎን መቆንጠጫ ቡሎኖቹ ላልተው እያሉ የፊት ፍሬኑን ይዘህ አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች ግፋት፤ እግሩ ራሱ ቦታውን ያገኛል። መቆንጠጫው የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው።

---

ባለ_600

ትናንት ለካን። ተዘርግቶ 110፣ ሁለቱ ንባቦች 58 እና 74። ፕሪሎዱ (ሞላውን ቀድሞ የሚጫነው ማስተካከያ) እስከ መጨረሻው ገብቶ ነበር። ኋላው 33 ነው።

---

ሞላ_ዘይት

አማካዩ 66፣ መውረዱ 44 ነው። የንባቡ ልዩነት 16 ስለሆነ መፋተግ የለም፣ ቱቦዎቹ ደህና ናቸው። ፕሪሎዱ አልቆ እያለ 44 ከሆነ የሚጠብቅ ነገር አልቀረም፤ ሞላው ለአንተ ለስላሳ ነው። ለ92 ኪሎ ጥንካሬው 0.95 ኪሎ በሚሊ ሜትር አካባቢ ያለውን እዘዝ፣ የሞላውን ርዝመት ደግሞ ከነበረው ጋር አስተያይ፤ ካጠረ ከላይ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ በዚያው ልክ ይረዝማል። ኋላውን አትንካ። ከፊቱ በኋላ እንደገና ለካው፣ ሊለወጥ ይችላል።

---

እታለም_ጋራዥ

አንድ ነገር ስለ መጀመሪያው ቀን። ማርች መጨረሻ ላይ መንገዱ ዳር የተከመረው ጨውና አሸዋ ሳይጠረግ አዲስ ፓድ ይዘህ ኩርባ አትሞክር። ቀጥ ያለ ባዶ መንገድ ፈልግ፤ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር እየቀነስክ፣ ሙሉ በሙሉ ሳታቆም፣ አሥር ጊዜ ያህል ያዝና በመሃሉ እንዲቀዘቅዝ ንዳ። ግሎ እያለ ይዘህ ከቆምክ የፓዱ ቅርጽ ዲስኩ ላይ ይታተምና ማንሻው ይንቀጠቀጣል።

ሮንዴላውንም ሰባት ሳይሆን ዘጠኝ እዘዝ። አንዱ መውደቁ አይቀርም፤ ከወደቀም የሚገባው መደርደሪያው ስር ነው።